ሂፕ ከራም ሲበልጥ፦ ቨርቹዋል ሜሞሪንና ጋርቤጅ ኮሌክሽንን የማስታረቅ ዝርዝር መመሪያ

በጎጃም ከተሞች ተራ ይዞ የቆመ ሰው ሁሉ «ሲስተም የለም» የምትለውን ቃል ያውቃታል። ቡሬ ላይ በቆሎውን ሸጦ ቁጠባ ሊያስገባ የመጣ ገበሬ ይሰማታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግብር ሊከፍል የተሰለፈ ነጋዴም ይሰማታል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ ላይ ይላከካል። ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ፣ ከገንዘብ ያዧ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስዊቹ ይሠራል። ኬብሉም ደህና ነው። የተጨናነቀው ማሽኑ ራሱ ነው። ራሙ ሞልቶ ሥራውን ዲስክ ላይ እየተንፏቀቀ ይሠራል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በየቢሮው «የአይቲ ልጅ» እየተባላችሁ ከፕሪንተር እስከ ሰርቨር ሁሉም ነገር ለሚጫንባችሁ ነው። እንደ ምሳሌ የምይዘው በየከተማው የሚገኘውን ዓይነት ማሽን ነው፦ 8 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ ኡቡንቱ ሊኑክስ፣ በጃቫ የተሠራ የሒሳብ ሲስተም፣ ዳታቤዙም (ፖስትግሬስ) እዚያው ላይ የተጫነ። ለዊንዶውስ፣ እንዲሁም በጎ ቋንቋ ወይም በኖድ ለተሠሩ ሲስተሞች የሚሆነውን ወደ መጨረሻው አካባቢ አነሳለሁ። የትእዛዞቹን ስም እዚህ በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደላቸው አስገቧቸው።

መጀመሪያ፦ ሁለቱ ለምን ይጣላሉ?

ወደ ትእዛዙ ለመሮጥ አትቸኩሉ። ይህን ክፍል የተረዳ ሰው ቀሪውን ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ቨርቹዋል ሜሞሪ በ1962 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረው አትላስ ኮምፒውተር ላይ የታየ ሐሳብ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሰፊ ሜሞሪ ለብቻው የተሰጠው ይመስለዋል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያንን ሜሞሪ ፔጅ በሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ አንዱ ፔጅ 4 ኪሎባይት ነው። ራም ሲጠብ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በቅርቡ ያልተነኩትን ፔጆች መርጦ ዲስክ ላይ ወዳለው ስዋፕ ያወጣቸዋል። ፕሮግራሙ ከወጡት አንዱን ሲፈልግ ፔጅ ፎልት ይፈጠራል። ያ ፔጅ ከዲስክ እስኪመጣ ድረስ ፕሮግራሙ ቆሞ ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፦ በቅርቡ ያልተነካ ነገር ቶሎ አይፈለግም። ለአብዛኛው ፕሮግራም እምነቱ ልክ ነው።

ጋርቤጅ ኮሌክሽን ደግሞ ጆን ማካርቲ ለሊስፕ ቋንቋ የፈጠረው ነው፤ በ1960 ታትሞ ወጣ። ፕሮግራመሩ ሜሞሪ ስለመመለስ አይጨነቅም። ኮሌክተሩ በየጊዜው ይነሳና በሥራ ላይ ያሉትን ኦብጀክቶች (ፕሮግራሙ የሚፈጥራቸውን የዳታ ቁርጥራጮች) ከሥር መነሻቸው ጀምሮ አንዱን ከአንዱ እየተከተለ ይለያቸዋል። ሳይደርስበት የቀረውን ቦታ ለአዲስ ሥራ ያስለቅቃል። እነዚህ ኦብጀክቶች የሚቀመጡበት የሜሞሪ ክፍል ሂፕ ይባላል።

ጠቡ እዚህ ላይ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘኑ ሲጠበው ቶሎ የማይሸጡትን ኩንታሎች ሌላ ከተማ ወዳለ መጋዘን ይልካል እንበል። ብልህ ሥራ ነው። ሰኔ 30 ቆጣሪ ይመጣል። ቆጣሪው የሚሸጠውንና የማይሸጠውን አይለይም፤ ሁሉንም በዓይኑ ማየት አለበት። እናም የተላኩት ኩንታሎች ተጭነው ይመለሳሉ። ለእነሱ ቦታ ለማስለቀቅ ደግሞ ሌሎች ይላካሉ። ቆጣሪው ወደ እነዚያ ሲደርስ እነሱም የሉም። ከርነሉ ነጋዴው ነው፣ ኮሌክተሩ ቆጣሪው። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል እየሠሩ ገበያው ይቆማል።

የጉዳቱን ልክ በቁጥር እንየው። ከራም አንድ ነገር ለማምጣት 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ። ልዩነቱ 100,000 እጥፍ ነው። ኤስኤስዲ በ100 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ስለሚመልስ ብዙ ይሻላል። እሱም ቢሆን ከራም 1,000 እጥፍ ይዘገያል። አሁን 50,000 ፔጅ ስዋፕ ላይ አለ በሉ። በሜሞሪ ስናሰላው 200 ሜጋ እንኳ አይሞላም። ኮሌክተሩ እያንዳንዱን በተናጠል ከሃርድ ዲስክ ቢጠራ 500 ሰከንድ፣ ማለትም ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ከርነሉ አጠገብ ያሉትን ፔጆች አብሮ ስለሚያነብ በተግባር ይቀንሳል። አንድ ደቂቃ እንኳ ቢሆን ግን ለገንዘብ ያዧ ሲስተሙ ሞቷል።

በ2005 ማቲው ኸርትዝና ኤመሪ በርገር ይህን በጥንቃቄ ለክተውታል። ጋርቤጅ ኮሌክተር በሥራ ላይ ካለው ዳታ አምስት እጥፍ ሜሞሪ ሲሰጠው ሜሞሪውን በእጁ ከሚያስተዳድር ፕሮግራም ጋር እኩል ይሮጣል። ሦስት እጥፍ ሲሰጠው በአማካይ 17 በመቶ ይዘገያል። ሁለት እጥፍ ብቻ ሲሰጠው 70 በመቶ ገደማ ይዘገያል። ራም አልቆ ወደ ስዋፕ ከተገባ ደግሞ የአሥር እጥፍ ያህል መዘግየት ይመጣል። እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፤ ደረጃ 3 ላይ እንሠራባቸዋለን።

በዚያው ዓመት ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ከከርነሉ ጋር እየተነጋገረ የሚሠራ፣ ስዋፕ የተደረጉ ፔጆችን ሳይነካ የሚያልፍ ኮሌክተርም ሠርተው አሳይተዋል። ዛሬ የምንጭናቸው ሊኑክስና ጃቫ ውስጥ ግን ያ የለም። ስለዚህ ማስታረቁ የእኛ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት ጥፋተኛውን ለዩ

ሲስተሙ ሲንቀራፈፍ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሪስታርት ነው። ይገባኛል። ከገጠር የመጡ እናት «ልጄ፣ መንገዴ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽብኝ» እያሉ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሪስታርት ግን ማስረጃውን ጠርጎ ያጠፋል። ነገም ያው ነገር ይመለሳል። አንድ ደቂቃ ብቻ ውሰዱ።

ተርሚናል ከፍታችሁ «ቪኤምስታት 1» ብላችሁ ጻፉ። በየሰከንዱ አንድ መስመር ያወጣል። የመጀመሪያውን መስመር እለፉት፤ እሱ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» የሚሉትን ዓምዶች ተመልከቱ። ኤስአይ ከስዋፕ ወደ ራም የሚመለሰው ነው፣ ኤስኦ ከራም ወደ ስዋፕ የሚወጣው። አልፎ አልፎ ትንሽ ቁጥር ብቅ ቢል አያስደነግጥም። ሁለቱም በመቶና በሺህ እየቆጠሩ ለብዙ ሰከንዶች ካልወረዱ ግን ማሽኑ በፔጅ መመላለስ ተጠምዷል። አብሮም «ደብሊውኤ» ዓምድ ይወጣል፤ ሲፒዩው ዲስክ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ኤች» ምርጫው ጋር አስኪዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ፍሪ» የሚለው ዓምድ ትንሽ ሲሆን ይደነግጣል። ሊኑክስ ትርፍ ራምን ለፋይል ካሽ (ከዲስክ የተነበቡ ፋይሎችን በቅርብ ለማቆየት) ስለሚጠቀምበት ያ ዓምድ ማነሱ የተለመደ ነው። የሚታየው «አቬይለብል» የሚለው ነው። እሱ ከ8 ጊጋው ወደ ጥቂት መቶ ሜጋ ከወረደ ችግር አለ።

ስዋፕ ላይ ያለው የማን እንደሆነ ለማወቅ «ፕሮክ» ማውጫ ውስጥ የጃቫውን ፕሮሰስ ቁጥር ፈልጉ። «ስታተስ» የሚለውን ፋይል ክፈቱና «ቪኤምስዋፕ» የሚለውን መስመር አንብቡ። የጃቫው ቪኤምስዋፕ በመቶዎች ሜጋ ከሆነ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። ውጤቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና አሁን ሪስታርት አድርጉ። ሰው ይጠብቃል።

ደረጃ 2፦ የኮሌክተሩን ሎግ አስነሱ

ደረጃ 1 የሚያሳየው ያንን ሰዓት ብቻ ነው። ሎግ ግን እናንተ ምሳ ላይ ሳላችሁ የሆነውን ጭምር ይይዛል። ከጃቫ 9 ወዲህ «ኤክስሎግ» የሚባለውን ምርጫ ከ«ጂሲ» እና ከኮከብ ምልክት ጋር፣ የፋይል ስም ሰጥቶ መጨመር ይበቃል። በማሽኑ ላይ የሚያመጣው ጫና ኢምንት ነው። በእኔ እምነት ማንኛውም የጃቫ ሰርቨር ያለዚህ ሎግ ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

ሎጉ ለእያንዳንዱ ዙር ብዙ መስመር ይጽፋል። የምትፈልጉት በስተመጨረሻ ያለውን፣ ሦስት ቁጥር የያዘውን ነው። ስዋፕ ውስጥ የገባ ማሽን ላይ እንዲህ ዓይነት መስመር ታገኛላችሁ፦

ዩዘር 0.21 ሰከንድ፣ ሲስ 0.64 ሰከንድ፣ ሪል 38.90 ሰከንድ

ዩዘር ኮሌክተሩ ራሱ ሲፒዩ ላይ የሠራበት ጊዜ ነው። ሲስ ከርነሉ ስለ እሱ የሠራበት ነው። ሪል በግድግዳው ሰዓት ያለፈው ነው። ጤነኛ ማሽን ላይ ብዙ ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) አብረው ስለሚሠሩ ዩዘር ብዙውን ጊዜ ከሪል ይበልጣል። እዚህ ግን ኮሌክተሩ አንድ ሰከንድ እንኳ ያልሞላ ሥራ ሠርቶ 39 ሰከንድ ገደማ አልፏል። ቀሪውን ጊዜ የት ነበር? እየጠበቀ ነበር። ቪኤምስታት ላይ ኤስአይ በዚያው ሰዓት ከፍ ብሎ ከነበረ የጠበቀው ስዋፕን ነው። ሲስ ከዩዘር መብለጡም የዚያው ምልክት ነው፤ ከርነሉ ፔጅ በማመላለስ ተጠምዶ ነበር።

ሎጉ ሌላ መልክ ቢኖረውስ? ሪልም ዩዘርም ረጅም ከሆኑ፣ «ፉል» የሚለው ቃል ቶሎ ቶሎ ከመጣ፣ ሂፑም ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ብዙም ካልቀነሰ፣ ችግሩ የሂፕ ማነስ ወይም የሜሞሪ ሊክ (የማያስፈልግ ዳታ ሳይለቀቅ መከማቸቱ) ነው። ደረጃ 6ን አንብቡ። ሁሉም ዙሮች አጭር ሆነው ሲስተሙ ግን ከዘገየ ኮሌክተሩ ንጹሕ ነው። ያኔ የዳታቤዙን ኩዌሪዎችና ኢንዴክሶች ፈትሹ።

ደረጃ 3፦ የሜሞሪ በጀት አውጡ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ቀሪው ሁሉ የዚህ ማስፈጸሚያ ነው።

ሲስተም ሲዘገይ ብዙ ሰው የሚያደርገው የጃቫን ሂፕ መጨመር ነው። «8 ጊጋ አለን፤ 6 ጊጋ እንስጠው» ይባላል። ሂፑ ጠቦት ለነበረ ማሽን ይህ ይረዳል። ስዋፕ ውስጥ ለገባ ማሽን ግን በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሂፑ ሲሰፋ ኮሌክተሩ ዘግይቶ ይነሳል፤ ሂፑም የሚነካቸው ፔጆች እየበዙ ይሄዳሉ። ከርነሉም የቆዩትን ወደ ዲስክ ይገፋል። በመጨረሻ ቆጠራው ሲጀመር ግማሹ ሂፕ ስዋፕ ላይ ነው።

ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ አስሉ። መጀመሪያ ለሌሎቹ ስጡ፣ የተረፈውን ለሂፕ።

ማሽኑ 8 ጊጋ ቢባልም ሃርድዌሩ የሚይዘው ስላለ ሊኑክስ የሚያየው ለምሳሌ 7.6 ጊጋ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ለትንንሽ አገልግሎቶች 700 ሜጋ ያዙ። ሰርቨሩ ላይ ዴስክቶፕና ብራውዘር ከተጫነ ይህ ቁጥር አይበቃም። እውነቱን ለመናገር ብራውዘሩ ከዚያ ማሽን መነሳት አለበት።

ለፖስትግሬስ ቀጥሎ። «ሼርድ በፈርስ» የሚለውን 1 ጊጋ ካደረጋችሁት፣ ለተከፈቱት ኮኔክሽኖች 300 ሜጋ ጨምራችሁ 1.3 ጊጋ ይሆናል። ፖስትግሬስ ከራሱ በተጨማሪ በከርነሉ የፋይል ካሽ ላይም ይተማመናል። ለዚያ 1.2 ጊጋ ተዉለት። ይህን የዘነጋ በጀት ዳታቤዙን ያዘገየዋል። ከዚያ ሰው ዞሮ ጃቫን ይወቅሳል።

አሁን ጃቫ። የጃቫ ፕሮሰስ ማለት ሂፑ ብቻ አይደለም። ክላሶች የሚቀመጡበት ሜታስፔስ አለ፤ 250 ሜጋ ያዙለት። የተተረጎመው ኮድ የሚቀመጥበት ካሽ አለ፤ 100 ሜጋ። እያንዳንዱ ትሬድ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ እስከ 1 ሜጋ ስታክ ሊይዝ ይችላል፤ ለ100 ትሬድ 100 ሜጋ። ኮሌክተሩም ለራሱ መዝገብ ሜሞሪ ይፈልጋል። ጂዋን ለሚባለው፣ ጃቫ ብዙ ጊዜ ለሚጠቀምበት ኮሌክተር የሂፑን አንድ አሥረኛ ያህል ብትይዙ አትጎዱም፤ 300 ሜጋ በሉት። ድምሩ 750 ሜጋ ነው።

ደምሩት። 700 ሜጋ፣ 1.3 ጊጋ፣ 1.2 ጊጋ እና 750 ሜጋ ወደ 4 ጊጋ ይጠጋሉ። ከ7.6 ላይ ሲነሳ 3.6 ጊጋ ይቀራል። ሁሉንም አትስጡ። 600 ሜጋ ለድንገተኛ ይቀመጥ፤ ባክአፕ ሲወሰድ፣ አፕዴት ሲጫን ያስፈልጋል። ለሂፕ 3 ጊጋ ደረሰ።

3 ጊጋ ይበቃ ይሆን? የኸርትዝና የበርገር ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ነው። በሥራ ላይ ያለው ዳታ ስንት እንደሆነ ለኩ። ቢሮ ከተዘጋ በኋላ፣ ተጠቃሚ በሌለበት፣ «ጄሲኤምዲ» በሚባለው መሣሪያ ፉል ጂሲ (ሂፑን በሙሉ የሚያዳርስ ቆጠራ) አስነሱና ሂፑ ላይ የቀረውን አንብቡ። ሥራ ሰዓት ላይ ይህን አታድርጉ፤ ስዋፕ ያለበት ማሽን ከሆነ ራሳችሁ ሲስተሙን ታቆሙታላችሁ። የቀረው 900 ሜጋ ከሆነ ሦስት እጥፉ 2.7 ጊጋ ነው። 3 ጊጋ ይበቃል። የቀረው 2 ጊጋ ከሆነ ግን ሦስት እጥፉ 6 ጊጋ ነው፣ በጀቱ አይችለውም። መፍትሔው ራም መጨመር ወይም ዳታቤዙን ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር ነው። ራሙ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደረጃ 6 ያስተነፍሳችኋል።

ለአለቃችሁ የግዢ ጥያቄ ስታቀርቡ ይህን ስሌት በአንድ ገጽ አያይዙት። «ራም ያንሳል» ከማለት ይልቅ «በሥራ ላይ ያለው ዳታ ይህን ያህል ነው፣ ማሽኑ መስጠት የሚችለው ይህን ያህል» የሚል ወረቀት ቶሎ ይፈረማል።

ደረጃ 4፦ ሂፑን በበጀቱ ላይ ቸክሉት

ምንም ካልነገራችሁት ጃቫ የማሽኑን ራም አንድ አራተኛ የሂፕ ጣሪያ አድርጎ ይወስዳል። የሠሩላችሁ ሰዎች ሌላ ቁጥር ጽፈው ሊሆን ይችላል። ሲስተሙ የሚነሳበትን ፋይል ከፍታችሁ አረጋግጡ። ጣሪያው «ኤክስኤምኤክስ» ነው፣ መነሻው «ኤክስኤምኤስ»። ሁለቱንም 3 ጊጋ አድርጓቸው። እኩል ሲሆኑ ሂፑ በሥራ መሃል እየሰፋና እየጠበበ አያስቸግርም።

ከዚያ «ኦልዌይስ ፕሪተች» የሚለውን ምርጫ አብሩ። ጃቫ ሲነሳ የሂፑን ፔጅ ሁሉ አንድ ጊዜ ይነካል። አነሳሱ ትንሽ ይዘገያል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፦ በጀቱ ስህተት ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ሲስተሙን ስታነሱ ይታያችኋል እንጂ ሰልፉ ደጅ ከደረሰ በኋላ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ስዋፕን ልክ አስገቡ

ስዋፕን ጨርሶ ማጥፋት የሚመክሩ አሉ። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ማሽን አልመክርም። ስዋፕ ሳይኖር ራም ካለቀ ከርነሉ ኦኦኤም ኪለር የሚባለውን ያስነሳል። እሱም ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ፕሮሰስ ይገድላል። ብዙ የያዘው ደግሞ ጃቫው ወይም ዳታቤዙ ነው። ትንሽ ስዋፕ፣ 1 ወይም 2 ጊጋ፣ ማንም ለማይጠቀምባቸው አገልግሎቶች ማስቀመጫ ይሆናል።

የሚያስፈልገው ጃቫው ወደዚያ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው «ስዋፒነስ» ነው። ከርነሉ የፕሮግራሞችን ሜሞሪ ወደ ስዋፕ ከማውጣትና የፋይል ካሽን ከመልቀቅ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስን ቁጥር ነው። ሳይነካ 60 ነው። «ሲስሲቲኤል» በሚለው ትእዛዝ 10 አድርጉት፤ ማሽኑ ሲነሳ እንዳይጠፋም ማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ጻፉት። ስዋፒነስ ዝንባሌ ነው እንጂ ክልከላ አይደለም። ራም በእውነት ካለቀ ቁጥሩ 10 ቢሆንም ስዋፕ ይደረጋል።

ሁለተኛውና የምመርጠው ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ በኩል ነው። ጃቫው እንደ ሲስተምዲ አገልግሎት የሚነሳ ከሆነ በአገልግሎቱ ፋይል ላይ «ሜሞሪስዋፕማክስ» የሚለውን ዜሮ አድርጉት። ያኔ ሌላው ሁሉ ስዋፕ ቢደረግ ጃቫው አይደረግም። ይህ የሚሠራው ሲግሩፕ 2 በሚባለው የከርነሉ የሜሞሪ መደልደያ ላይ ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ዝግጁ ሆኖ ይመጣል። ግን ልብ በሉ፣ በጀቱ ካልተስተካከለ ይህ ምርጫ ጫናውን ወደ ዳታቤዙ ያዞረዋል። ደረጃ 3ን ዘልላችሁ እዚህ አትምጡ።

ደረጃ 6፦ ቆሻሻውን ከምንጩ ቀንሱ

ከኮሌክተሩ ጋር ከመታገል በፊት ያን ሁሉ ሥራ ማን እንደሚሰጠው ጠይቁ። በሒሳብ ሲስተሞች ላይ መልሱ ብዙ ጊዜ ሪፖርት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እህል ይሸጣል፣ ብድር ይመለሳል፣ መዝገቡ ይወፍራል። ሰኔ ላይ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ አንድ ሰው «የዓመቱን በሙሉ አውጣልኝ» ይላል። ሲስተሙ መቶ ሺህ ረድፍ ከዳታቤዝ አምጥቶ በአንድ ጊዜ ሂፕ ላይ ይዘረግፋል። ያ ሪፖርት እስኪያልቅ ገንዘብ ያዧም፣ ሰልፈኛውም ይጠብቃሉ።

ሲስተሙን የሠሩላችሁን ሰዎች ማግኘት ከቻላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሪፖርቱ ረድፎቹን በጥቂት ሺህ እየቆረጠ ያምጣ፤ ለዚህ «ፌች ሳይዝ» የሚባል ማስተካከያ አለ። ፖስትግሬስ ላይ ይህ እንዲሠራ ኦቶኮሚት መጥፋት አለበት፣ ይህን ንገሯቸው። ሁለተኛ፣ ድምሩ በዳታቤዙ ውስጥ ይሠራ። አንድ ድምር ለማግኘት መቶ ሺህ ረድፍ ወደ ጃቫ መጫን ብክነት ነው።

ማግኘት ካልቻላችሁ ደግሞ በሥርዓት ፍቱት። ትልልቅ ሪፖርቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ይውጡ። ወረቀት ጽፋችሁ ሪፖርት አውጪው ጠረጴዛ ላይ ለጥፉት። ቀላል ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ሊክ ከጠረጠራችሁ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ፉል ጂሲ በኋላ የሚቀረው ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ ከሄደ፣ በጄሲኤምዲ የክላስ ሂስቶግራም አውጡ። የትኛው ዓይነት ኦብጀክት እንደበዛ በተርታ ያሳያል። ዛሬና ከሳምንት በኋላ አውጥታችሁ አወዳድሩ። ያለማቋረጥ የሚያድገው ነው ተጠርጣሪው። ሂፕ ዳምፕ (የሂፑ ሙሉ ቅጂ) የበለጠ ያሳያል፣ ነገር ግን እስከ ሂፑ መጠን የሚደርስ ፋይል ስለሚጽፍና ሲስተሙን ስለሚያቆም ማታ ብቻ አድርጉት። ዳምፑ ውስጥ የደንበኞች ስምና ሒሳብ አለ። በቴሌግራም አትላኩት።

ደረጃ 7፦ ኮሌክተር መቀየር

ሰው ይህን የመጀመሪያ ደረጃ ሊያደርገው ይወዳል። እኔ ሰባተኛ ያደረግኩት በምክንያት ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ በተለመደ ሰርቨር ላይ የሚመጣው ጂዋን ለ3 ጊጋ ሂፕ በቂ ነው። የቆይታ ዒላማው ሳይነካ 200 ሚሊሰከንድ ነው፣ ለቢሮ ሥራ እሱ ይበቃል። ዜድጂሲ የሚባለው ሌላ ኮሌክተር ከጃቫ 15 ጀምሮ ለሥራ ዝግጁ ተብሏል፤ ፕሮግራሙን ለረጅም ጊዜ ሳያቆም ጎን ለጎን ይሠራል። ግን ተጨማሪ ትርፍ ሜሞሪ ይፈልጋል። በሥራ ላይ ያለውን ኦብጀክት ሁሉ መዳሰሱም አይቀርም። ስዋፕ ላይ ያለ ሂፕን ማንኛውም ኮሌክተር አያድነውም።

ሌሎች ማሽኖችና ቋንቋዎች

ዊንዶውስ ላይ ሪሶርስ ሞኒተርን ክፈቱና ሜሞሪ በሚለው ገጽ «ሃርድ ፎልትስ» የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። የጃቫው ቁጥር በመቶዎች ሆኖ ካልወረደ ነገሩ እዚህ ካወራነው ጋር አንድ ነው። ደረጃ 3 እና 4 ያለ ለውጥ ይሠራሉ።

በጎ ለተጻፈ ሲስተም ከጎ 1.19 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ «ጎሜምሊሚት» የሚባል የሜሞሪ ወሰን አለ። ከበጀቱ የወጣውን ቁጥር እዚያ ጻፉ። ወሰኑ ግን ለስላሳ ነው፤ በሥራ ላይ ያለው ዳታ ራሱ ከበለጠው ይታለፋል። ለኖድ «ማክስ ኦልድ ስፔስ ሳይዝ» የሚለው ነው፣ ቁጥሩ በሜጋ ይሰጣል። ዶከር ውስጥ ለሚሠራ ጃቫ ደግሞ ኮንቴይነሩ የራም ወሰን ይሰጠው፤ በአዲሶቹ ስሪቶች ጃቫ ሩቡን የሚያሰላው ከዚያ ወሰን ነው። «ማክስራምፐርሰንቴጅ» በሚለው ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ።

ደረጃ 8፦ ፈትኑና ተከታተሉ

ለውጡን ከገበያ ቀን በፊት ባለው ማታ አድርጉ፣ በገበያው ቀን ጠዋት ግን በፍጹም አይሁን። አንድ በአንድ ቀይሩ። ሂፑን፣ ስዋፒነሱንና ኮሌክተሩን በአንድ ሌሊት ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። ከዚያ ቢሮው በተዘጋበት ከባዱን የዓመት ሪፖርት አስወጡ። ቪኤምስታትን በሌላ መስኮት ከፍታችሁ ኤስአይ እና ኤስኦን ተመልከቱ። ሪፖርቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ዜሮ ላይ ወይም ዜሮ አጠገብ ከቆዩ በጀታችሁ ልክ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚሆነውንም ለዩ። በክረምት ይህ የሳምንት እንግዳችን ነው። ማሽኑ እንደተነሳ የፋይል ካሹ ባዶ ስለሆነ ዳታቤዙ ሁሉንም ከዲስክ ያነባል፤ ለጥቂት ጊዜ ይዘገያል። ያ መዘግየት ከስዋፕ ጋር አይገናኝም፣ ኤስአይ ዜሮ ሆኖ ታዩታላችሁ። በዚያ ሰዓት ማስተካከያ መነካካት አያስፈልግም፤ ይሞቃል፣ ይስተካከላል።

ለዘላቂው ክትትል ከርነሉ ራሱ መለኪያ አለው። በ2018 ከወጣው ከርነል 4.20 ጀምሮ «ፕሮክ» ማውጫ ውስጥ «ፕሬዠር» የሚል ንዑስ ማውጫ፣ በውስጡም «ሜሞሪ» የሚል ፋይል አለ። «ሰም» የሚለው መስመር ቢያንስ አንድ ሥራ ሜሞሪ ሲጠብቅ ያለፈውን ጊዜ በመቶኛ ይናገራል። «ፉል» የሚለው ደግሞ መሥራት የነበረባቸው ሁሉ በአንድ ላይ የቆሙበትን። ትንሽ ስክሪፕት ጽፋችሁ በየደቂቃው «ፉል» የሚለውን የ60 ሰከንድ አማካይ ከነሰዓቱ ወደ ፋይል አስገቡት። 10 ካለፈ ወደ ስልካችሁ መልእክት ይላክ። ከዚያ በዚያው ደቂቃ የኮሌክተሩ ሎግ ላይ ሪል ስንት እንደነበረ አስተያዩ።